ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማንበብ

ገድል የሚሸጠው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከጧፍና ከዕጣን ጎን ነው። የታሪክ መጽሐፍ የሚሸጠው ደግሞ መሐል ከተማ፣ ከልብ ወለድና ከመዝገበ ቃላት ጎን። ነገሩ የነጋዴዎች ድልድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላጠፋበትም ነበር። ግን የአንባቢውም ሐሳብ እንደ ሱቆቹ ለሁለት ተከፍሏል። ገድል የገዛው ሰው ለበረከት ብሎ ከራስጌው ያኖረዋል፤ ገልጦ የሚያነበው ከስንት አንድ ነው። ታሪክ ወዳዱ ሰው በበኩሉ ገድል ሲባል ገና ክንፍ ያወጣ መነኩሴ ይታየውና «እሱን ለእናቴ» ብሎ ያልፈዋል።

ወዳጆቼ «አንድ ጥሩ መንፈሳዊ መጽሐፍና አንድ ጥሩ የታሪክ መጽሐፍ ጠቁመን» እያሉ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ ያስቃቸዋል። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ የማታነቡ ከሆነ አንዱንም አልጠቁማችሁም እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላል፤ የምሬን ነው።

ምክንያቴ ይህ ነው። በእኛ አገር ዜና መዋዕል ጸሐፊውም ገድል ጸሐፊውም ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ሁለቱም ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊት የደገሙት፣ ቅኔ የተቀኙት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው። በአንድ ዓይነት ብራና ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ ከአንድ መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሱ ጽፈዋል። የሚለያዩት በእንጀራቸው ነው። አንደኛው የንጉሡን ግብር እየበላ ጻፈ፤ ሌላው የገዳሙን ዳቤ እየቆረሰ። እንግዲህ ስለ አንድ ዘመን ሁለቱ ሲጻፉ በሚስማሙበት ቦታ ብዙም አንማርም። የሚጣሉበት ቦታ ላይ ነው አንባቢ ጆሮውን ማቆም ያለበት።

ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ይህ ሰው ዘውድ የጫነ ሊቅ ነበር። «መጽሐፈ ብርሃን»ን አጽፏል፤ የእመቤታችን በዓላት ሠላሳ ሦስት ሆነው እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ሠርቷል። ዛሬም እሑድ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ተአምር ሲነበብ የሚያደምጥ ምእመን ሳያስበው የዚህን ንጉሥ ትእዛዝ እየፈጸመ ነው። ዜና መዋዕሉ አጭር ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። ታላቅነቱን ይነግረናል፤ ግን የሚያስፈራም መጽሐፍ ነው። ንጉሡ ጣዖት አምልካችኋል ተብለው በተከሰሱ በገዛ ልጆቹ ላይ ሳይቀር እንዴት እንደ ጨከነ ጸሐፊው ሳይሸፋፍን ጽፎታል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሁሉ አወዳሽ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን መጽሐፍ አላዩትም ማለት ነው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የደብረ ብርሃን ታሪክ አለ። ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ የእስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ተይዘው መጡ፤ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀንም በድንጋይ ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ ከሰማይ ብርሃን ወረደ፤ ንጉሡም ቦታውን ወደደው፤ ቤተ ክርስቲያን ሠራበት፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አለው። ጸሐፊው ሁለቱን ነገሮች፣ ውግራቱንና ብርሃኑን፣ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ ነው የሚተርካቸው። የሰማዩ ብርሃን ንጉሡ ላደረገው ነገር የጽድቅ ማኅተም ሆኖ ቀርቧል። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ የተኛ አንባቢ ዘርዐ ያዕቆብን ያወቀ ይመስለዋል።

አሁን ሌላውን ክፈቱ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ የእነዚያኑ የተወገሩትን መነኮሳት ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኮሌጅቪል ላይ አሳትመውታል። በአማርኛ ከታተሙ መጻሕፍት መካከል ሁለት ብቻ ይዘህ ውጣ ብባል አንዱ እሱ ነው። አባ እስጢፋኖስ ከአጋሜ የተነሣ መነኩሴ ነው። ሕይወቱን ከዳር እስከ ዳር ስታዩት ያን ያህል ሰው የሚያስቆጣ ነገር አታገኙበትም፤ መጾም፣ በእጅ ሠርቶ መብላት፣ የገዳምን ሥርዓት ሳያጎድሉ መጠበቅ። ችግሩ ስግደት ላይ መጣ። ስግደት የሚገባው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አለ። በንጉሥ ፊትም ቆሞ ይህንኑ ደገመው። በእስር ላይ ሳለም አረፈ፤ ደቀ መዛሙርቱ ግን ቃሉን አልለቀቁም።

ርእሱን ልብ በሉት። «በሕግ አምላክ» ማለት ሊቅ የሚራቀቅበት ሐረግ አይደለም። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲደባደብ ሦስተኛው ጮኾ የሚያስቆምበት ቃል ነው፤ በድሮው ዘመን ይህ ቃል የተነገረው ሰው እጁን ሰብስቦ ወደ ዳኛ ይሄዳል። በገድሉ ውስጥ መነኮሳቱ የሚጠይቁት ምሕረት አይደለም፤ ፍርድ ነው። ስሕተታችንን ከመጽሐፍ አሳዩንና እንመለስ ይላሉ። ለመሳደብም አይቸኩሉም። ሥቃያቸው ሲተረክ በዜና መዋዕሉ ውስጥ ባንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ነገር እዚህ ሰው በሰው፣ ቀን በቀን ይመጣል። ደብረ ብርሃን ከዚያ በኋላ ለአንባቢው በአውቶቡስ መስኮት የሚታይ የብርድ ከተማ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የፕሮፌሰር ጌታቸው አማርኛ ልዩ ምስጋና ይገባዋል። ግዕዙን ሳያፈርሱ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሚያወጋ አስመስለውታል። ልባቸው ለመነኮሳቱ እንደሚያደላ አይደብቁም፤ እኔም በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ደርግ በመጣ ጊዜ በጥይት ተመትተው እግራቸውን ያጡ፣ ቀሪ ዘመናቸውን በስደት ያሳለፉ ሰው ስለ ሕግ አምላክ ሲጽፉ ብዕራቸው ቢሞቅ አይደንቅም። የማልስማማው ከአንዳንድ አንባቢዎቻቸው ጋር ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስን የሉተር ቀዳሚዎች አድርጎ የሚያወድስ አለ፤ በዚሁ ምክንያት የሚያወግዛቸውም አለ። ሁለቱም መጽሐፉን በግማሽ ልብ ነው ያነበቡት። አባ እስጢፋኖስ ሉተር ሳይወለድ ያረፈ፣ ከምንኩስና ሥርዓት ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። ለዚህም ማስረጃው የልጆቹ ገዳም ጉንዳ ጉንዴ ነው። ከጊዜ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታርቀው ሲኖሩ ከጉንዳ ጉንዴ የወጡት ብራናዎች በሥዕላቸው ውበት በዓለም የታወቁ ሆኑ፤ የእመቤታችን ሥዕል ከነልጇ ጭምር።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ተአምሩንስ ምን እናድርገው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምታምኑ እመኑት፤ የማታምኑ ግን አትዝለሉት። ተአምር ሰው ምን እንደ ፈራና ምን እንደ ለመነ የሚመዘገብበት ቦታ ነው። ረሃቡ፣ አንበጣው፣ ተስቦው፣ ዘማች ወታደር የገበሬን ጎተራ ሲገለብጥ፣ ይህ ሁሉ በዜና መዋዕል ውስጥ ዳር ዳሩን ሲያልፍ በገድልና በተአምር ውስጥ መሐል ቤት ይቀመጣል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ ለአንድ ለምጻም ባጠጣው ጥርኝ ውሃ ሲድን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎ እናየዋለን። ከዚህ ታሪክ የሰዎቹን የቅጣትና የምሕረት ሚዛን ካላወቅን፣ የዘመኑ ዳኛ ለምን እንደዚያ እንደ ፈረደ ከየት ልናውቅ ነው?

ሁለተኛው ጥንዴ የአፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕልና ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። የሱስንዮስን ዜና መዋዕል ካጻጻፉት አንዱ አዛዥ ጢኖ ሲሆን የካቶሊክን እምነት የተቀበለ፣ የኢየሱሳውያኑ ወዳጅ የነበረ ሰው ነው። የሚያሳየን ዘመቻ፣ ሹመት፣ ሽረት፣ የመኳንንት አሰላለፍ ነው። ብርቱ መጽሐፍ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ከፈረስ ጀርባ ላይ ሆኖ የታየ ነው። ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1625 መጣ፤ በዓመቱ ንጉሡ ለሮማ ቃል ኪዳን ገባ፤ አገሩም ነደደ። እ.ኤ.አ. በ1632 ወይና ደጋ ላይ የላስታ አማፅያን ሲሸነፉ 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል። ንጉሡ ድል አድርጎ ያገኘው የገዛ ሕዝቡን ሬሳ ነበር። በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞተ።

ወለተ ጴጥሮስ የዚያው ቤተ መንግሥት ሴት ናት። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ ከንጉሡ ባለሟሎች አንዱ ነበር። (ወይና ደጋ ላይ የተዋጋው የላስታው መልክዐ ክርስቶስ ሌላ ሰው ነው፤ አንባቢ እንዳይምታታበት።) ገድሏን አንድ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ከሆነ ከ30 ዓመት በኋላ፣ የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ጽፎታል። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን እ.ኤ.አ. በ1617 በጦርነት ተገደሉ። ገድሉ እንደሚለው የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ ገባ። እሷም ከዚህ ሰው ጋር ከእንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም ብላ ወጣች። አንድ አገር በሃይማኖት ጉዳይ ለሁለት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በመኝታ ቤት በኩል እንዴት እንደሚያልፍ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ በዜና መዋዕላችን ውስጥ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳችሁ አንብቡት። ንጉሡ ወደ ዠበይ አጋዛት፤ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ብዙ ደከመ፤ እሷ ግን ጣና ዙሪያ የተሰደዱትን ሰብስባ ሰባት ማኅበር መሠረተች። የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ከጎኗ አለች። ይህን ገድል ከሌሎች ለይቼ የምወድበት ምክንያት ገላውዴዎስ እናቱን ማስዋብ ስላልቻለበት ነው፤ ወይም ስላልፈለገ። ስትቆጣ ትቆጣለች። ስትታመም ታቃስታለች። በደናግሉ ላይ የምትጥለው ሥርዓት አንዳንድ ቦታ የዛሬውን አንባቢ ያስደነግጣል፤ እኔንም ያስደነግጠኛል። ግን ይህች ሴት ተቀርፃ የቆመች ሐውልት አይደለችም፤ ትተነፍሳለች። ገድሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ውጭ አገር ብዙ ተባለለት። ለእኛ ሰው የራሱን መጽሐፍ ሌላ ሰው እስኪያደንቅለት መጠበቅ ልማድ ሆኖበታል።

ለዚህ ጥንድ ሦስተኛ ምስክር የሚፈልግ ካለ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ አለለት። እስፓንያዊው ፓኤዝ ስለ ኢትዮጵያ በሩቁ የተጻፈ አንድ የተሳሳተ መጽሐፍ ለማረም ብሎ በፖርቱጊዝ ቋንቋ ትልቅ ታሪክ ጽፏል፤ ከግዕዝ መጻሕፍትም ብዙ ተርጉሞ አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1622 ስለ ሞተ የሜንዴዝን ዘመን አላየም። ያላየውም ዕድለኛ ሆኖ ነው እላለሁ።

ሦስተኛውን ጥንድ በአጭሩ ልጥቀሰው፤ ሰፊ ጉዳይ ነውና ሌላ ጊዜ ቢመጣ ይሻላል። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፋቂህ ሙስሊም ነው፤ ከኢማሙ ወገን ሆኖ ነው የጻፈው። ክርስቲያን አንባቢ ግን ሊሸሸው አይገባም። የገዳም መነኮሳት ከምርኮ ይልቅ እሳት ውስጥ መግባትን እንደ መረጡ የመሰከረው እሱ ነው፤ የጠላት ምስክርነት ደግሞ ከወዳጅ ይበልጣል። ከጎኑ «አንቀጸ አሚን»ን አስቀምጡ። ይህን የጻፈው ከየመን መጥቶ ክርስትናን የተቀበለና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰው አባ ዕንባቆም ነው። ለኢማሙ ሲጽፍለት ከቁርኣን እየጠቀሰ ነው የሚከራከረው። አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት ሰዓት አንድ መነኩሴ የባላጋራውን መጽሐፍ ገልጦ፣ አንብቦና አክብሮ ይመልስለታል። ዛሬ በየአዳራሹ ሃይማኖት የሚከራከሩ ሰዎች የአባ ዕንባቆምን ሩብ ያህል እንኳ ትዕግሥት ቢኖራቸው ስንት ጩኸት በቀረልን ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ቤተ መንግሥቱና ገዳሙ በአንድ ሰው ውስጥ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። አለቃ ዘነብ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ጽፈዋል፤ ታሪኩም እስከ መቅደላ አይደርስም። እሳቸው ናቸው ደግሞ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ»ን የጻፉት። ስለ ነፍስ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ሰው ሞኝነት በጣም አጫጭር ነገሮች ናቸው፤ አማርኛው እንደ ጠጅ ነው። የቴዎድሮስን ታሪክ አንብቦ «ጨዋታ»ውን ያላነበበ ሰው የአለቃን አንድ ዓይን ብቻ ነው ያየው። በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አትሂዱበት።

«መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ደግሞ ሁለቱንም መደርደሪያ በአንድ ክንድ የሚጠርግ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባቱን ወግ ከአፋቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። ስለ ቆሎ ተማሪ ኑሮ፣ ስለ ቅኔ ቤት፣ ስለ ውሻና ስለ አኮፋዳ ብዙዎች ጽፈዋል፤ ግን አብዛኛዎቹ የሚጽፉት በናፍቆት አዝነው ወይም በንቀት ስቀው ነው። አለቃ ለማ ሁለቱንም አያደርጉም። ያወጉታል፤ በቃ። ልጃቸውም ጸሐፌ ተውኔት ሆኖ ሳለ የአባቱን ንግግር ላስጊጥልህ ባለማለቱ ከጻፋቸው ቴአትሮች ባልተናነሰ ሊመሰገን ይገባዋል።

መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች መካከል የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ብዙው ሰው በሰዋስው መጽሐፋቸው ያውቃቸዋል። ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1999 ዓ.ም. «የሐያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ»ን አወጣላቸው። ስለ ልጅ ኢያሱ፣ ስለ ሰገሌ፣ ስለ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው፣ ያላዩትን አይቻለሁ ሳይሉ ጽፈዋል። ንስሐ የለመደ ሰው ታሪክ ሲጽፍ እንዲህ ይጠነቀቃል ብዬ አስባለሁ።

ክብረ ነገሥትን ያልጠቀስኩት ረስቼው አይደለም። ካነበቡት ሰዎች አንብቤዋለሁ የሚሉት ስለሚበዙ እሱን ለብቻው ማየት ይሻላል። ከተክለ ጻድቅ መኩሪያ ጥራዞች የትኛውንም ብትይዙ አትጎዱም፤ ቀኑንና የነገሥታቱን ቅደም ተከተል ለማወቅ ከጎን ሊቀመጡ የሚገባቸው ናቸው። ባለፉት ዓመታት በየአስፋልቱ ዳር የተዘረጉትን፣ ሽፋናቸው ላይ ሰይፍና አንበሳ የተሣለባቸውን የታሪክ መጻሕፍት ግን ልለፋቸው። አብዛኞቹ የተጻፉት ሌላውን ለማሳፈር ነው። ለዚህ ሥራ አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግን ድንጋዩን ለማንሣት እጁ ይከብደዋል።

ለአሳታሚዎች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ከግዕዝ ወደ አማርኛ ተመልሰው የሚወጡት ገድሎች ብዙዎቹ የሰውና የቦታ ስም ማውጫ የላቸውም፤ መቅድማቸው በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ያልቃል፤ ጸሐፊው ማን እንደ ነበረ፣ ብራናው የት እንደ ተገኘ አይናገርም። ጥራዛቸው ደግሞ በሦስተኛው ንባብ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። ዜና መዋዕሎቹም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። የሱስንዮስን ዜና መዋዕልና የወለተ ጴጥሮስን ገድል በአንድ ጥራዝ፣ በደንብ ሰፍቶ፣ ከአንድ ካርታ ጋር የሚያወጣ ማተሚያ ቤት ቢገኝ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

ለጀማሪ ግን ከታች ወደ ላይ መውጣት ይቀላል። መጀመሪያ መርስዔ ኀዘን፣ ከዚያ አለቃ ለማ፣ ከዚያ ወለተ ጴጥሮስ። ደቂቀ እስጢፋኖስን ለመጨረሻ አቆዩት፤ የዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል ከማንበባችሁ በፊትም አትክፈቱት።